ቃሉን ስንተረጉም ክብሩን አንጣል

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለውን ተረት በትምህርት ቤታችን የማያውቅ ተማሪ የለም። ሰው ከጉዳያችን በፊት አንደበታችንን ይሰማል ማለት ነው። እኛ ቋንቋ የምናስተምር መምህራን ዘንድሮ በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ከዚህ ተረት ብዙም አይርቅም። በየትኛውም ፈተና አይጠየቅም፣ ነጥብም አይያዝበትም። ሆኖም እያንዳንዱ ልጃችን በየዕለቱ ያጋጥመዋል። ይኸውም ሰውን በእንግሊዝኛ ትብብር መጠየቅ ነው።

የምንኖረው ናይሮቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ኪስዋሂሊን ብሔራዊ ቋንቋ፣ ኪስዋሂሊንና እንግሊዝኛን ደግሞ ይፋዊ ቋንቋዎች አድርጓል። ልጆቻችን ቤታቸው በአማርኛ ተመርቀው ይወጣሉ፣ ማታቱ ላይ ኪስዋሂሊ ይሰማሉ፣ ክሊኒክ፣ ባንክና መሥሪያ ቤት ሲገቡ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል። በዚህ መሐል አንድ ነገር ደጋግመን እንሰማለን። «ልጆቻችሁ ጎበዞች ናቸው፣ ግን ሲጠይቁ ያዝዛሉ» ይሉናል። ቤታቸው ተቀምጠው የማይናገሩ፣ ለእንግዳ ተነሥተው ወንበር የሚለቁ ልጆች ከግቢ ውጭ ባለጌ ይባላሉ።

አቋማችንን ከመነሻው እንናገር። እነዚህ ልጆች ባለጌዎች አይደሉም። ትሕትናቸው አማርኛው ውስጥ ቀርቶባቸው ነው። ወደ እንግሊዝኛው ማሻገር ደግሞ በትምህርት የሚገኝ ነገር ስለሆነ፣ ትምህርት ቤትም ቤተሰብም እንደ ፊደልና እንደ ሰዋስው ሊያስተምሩት ይገባል።

ትሕትናው የት ይቀመጣል?

በአማርኛ «ስጥ» የሚለውን አንድ ግስ እንውሰድ። ለወንድ ጓደኛችን «ስጠኝ»፣ ለሴት «ስጪኝ»፣ ለብዙዎች «ስጡኝ»፣ ለምናከብረው ሰው «ይስጡኝ» እንላለን። የምናነጋግረው ሰው ማን እንደሆነ ግሱ ራሱ ይናገራል። ለአንድ አዛውንት «ይስጡኝ» ያለ ልጅ «እባክዎ» ባይጨምር እንኳ አክብሮቱን በአንዲት ፊደል አስቀምጧል። በዚያ ላይ «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «እማማ»፣ «አባባ» የሚለው መጥሪያ አለ። ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ሲቀበል፣ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ፣ ሰውነቱም ይናገራል። ስለዚህ ቃሉ አጭር ቢሆን ማንም አይቀየመውም።

እንግሊዝኛ ይህ ሁሉ የለውም። ለሕፃንም፣ ለጳጳስም፣ ለፕሬዚዳንትም ያው «ዩ» ነው። ድሮ ለአንድ ሰው፣ በተለይም ለቅርብ ሰው፣ «ዛው» የሚል መጥሪያ ነበረው፤ ነገር ግን በ17ኛው መቶ ዘመን ከተራው ንግግር እየወጣ ሄደ። «ጊቭ» የሚለው ግስም ለማንም ብሎ አይለወጥም። እንግዲህ ልጃችን «ይስጡኝ» የሚለውን በልቡ ይዞ «ጊቭ ሚ» ሲል፣ ያቺ አክብሮት የተሸከመችው «ይ» መንገድ ላይ ወድቃ ትቀራለች። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ደብተሩ ላይ ብናገኘው ቀይ መስመር አናሰምርበትም። የሚሰማው ሰው ግን የሚሰማው ትእዛዝ ነው።

ታዲያ እንግሊዝኛ ትሕትናውን የት አኖረው? በሦስት ቦታ ነው ብንል ለተማሪ ይበቃል። መጀመሪያ፣ ጥያቄ በማድረግ። «ጊቭ ሚ ዩር ፔን» ከማለት «ካን አይ ቦሮው ዩር ፔን?» ማለት፣ ትእዛዙን ወደ ጥያቄ መለወጥ ነው። ሁለተኛ፣ ግሱን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በመሳብ። «ካን ዩ» የሚለው «ኩድ ዩ»፣ «ዊል ዩ» የሚለው «ዉድ ዩ» ሲሆን ነገሩ ይለዝባል። «አይ ዎዝ ወንደሪንግ ኢፍ ዩ ኩድ…» የሚለው አነጋገር ስለ ትናንት የሚያወራ ይመስላል እንጂ የሚጠይቀው ስለ ዛሬ ነው። እኛም እኮ «ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» እንላለን፤ የፈለግነው ግን አሁን ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ለእምቢታ በር በመተው ነው። «ኢፍ ዩ ሃቭ ታይም» ሲባል፣ ተጠያቂው «ጊዜ የለኝም» ብሎ ሳያፍር እንዲወጣ ቀዳዳ ተተወለት ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው «ፕሊዝ» ብቻውን እንደማይበቃ ነው። «ጊቭ ሚ ዩር ፔን፣ ፕሊዝ» ለስለስ ያለ ትእዛዝ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። ብዙ ወላጆች «ፕሊዝ በል» ብለው ልጆቻቸውን ያስተምራሉ፤ መልካም ጅምር ነው፣ ግን ግማሽ መንገድ ነው።

ፔኔሎፔ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰን የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ትሕትና ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩን «ፊት» በሚል ሐሳብ ያብራሩታል። ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ መወደድን፣ ደግሞም አለመገደድን። ለእኛ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ «ፊት ነሣኝ» የሚል ቋንቋ ተናጋሪዎች ነን። እኛ ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ የምንደገፈው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ «በሞቴ»፣ «የኔ ልጅ»፣ «ወንድሜ አይደለህ?» እያልን ዝምድናችንን እናስቀድማለን። እንግሊዝኛው የሚያዘወትረው ሁለተኛውን ነው፤ «ጊዜህ ያንተ እንደሆነ አውቃለሁ» ብሎ ይጀምራል። አንዱ ሰውን በማቅረብ ያከብራል፣ ሌላው ባለማስገደድ። ይህን የተረዳ ልጅ የእንግሊዝኛውን ርቀት እንደ ብርድ አይቆጥረውም፣ የአማርኛውንም ቅርበት እንደ ኋላ ቀርነት አያይም።

እናት የተናገረችው፣ ልጅ ያደረሰው

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ ከልጆቻችን ብዙዎቹ የእናትና የአባታቸው አስተርጓሚዎች መሆናቸውን ያስብ። ኪራይ የሚከፈለው፣ ቀጠሮ የሚያዘው፣ ፎርም የሚሞላው በአሥራ አንድና በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አንደበት ነው።

አንዲት እናት በአንድ ቢሮ መስኮት ቆማ ተቀባይዋን «ልጄ፣ ላስቸግርሽ ነው፤ ካልደከመሽ ይህችን ወረቀት ብታዪልኝ» ትላለች እንበል። በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ዝምድናም፣ ይቅርታም፣ የእምቢታ በርም አለ። ልጇ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ሺ ሴይስ ሉክ አት ዚስ ፔፐር» ይላል፤ «ወረቀቱን እይ ትላለች» ማለቱ ነው። ተቀባይዋ ፊቷን ታጠቁራለች። እናትዬው ያን ፊት ታያለች፣ ምን እንዳጠፋች ግን አታውቅም። ወደ ቤት ስትመለስ «የዚህ አገር ሰው አያከብረንም» ትላለች። ተቀባይዋም በበኩሏ «እነዚህ ሰዎች ማዘዝ ይወዳሉ» ትል ይሆናል። ሁለቱም በሰሙት ነገር ፈረዱ፤ ሁለቱም ግን የሰሙት አንዳቸው የሌላቸውን ቃል አይደለም።

ልጁን አንወቅስም። ቃሉን በትክክል አድርሷል፤ ክብሩን እንዲያደርስ ግን ማንም አላስተማረውም። «ኤክስኪዩዝ ሚ። ማይ ማዘር ኢዝ አስኪንግ ኢፍ ዩ ኩድ ሉክ አት ዚስ ፔፐር፣ ፕሊዝ» ቢል ኖሮ የጨመረው ጥቂት ቃላት ብቻ ነበር። በእነዚያ ቃላት ግን እናቱ እንደ ተናገረችው ሆና በመስኮቱ ፊት ትቆም ነበር። ስለዚህ ተማሪዎቻችንን የምንለው ይህን ነው፦ ስትተረጉሙ የእናታችሁን ቃል ብቻ ሳይሆን የድምጿን ልስላሴ ይዛችሁ ተሻገሩ።

እግር የሚይዙ ቦታዎች

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር እግር የሚይዙ ጥቂት ድንጋዮች አሉ። ደጋግመን ያየናቸውን እንጥቀስ።

በአማርኛ «እስክሪብቶ አታውሰኝም?» ማለት ለስላሳ አጠያየቅ ነው። ቃል በቃል «ዎንት ዩ ሌንድ ሚ ዩር ፔን?» ሲሆን ግን «እምቢ ልትለኝ ነው?» የሚል ወቀሳ ይመስላል። አሉታዊውን ጥያቄ ትቶ በ«ኩድ ዩ» መጠየቅ ይሻላል።

መዋስና ማዋስ በአማርኛ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። እንግሊዝኛ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ «ቦሮው» መዋስ፣ «ሌንድ» ማዋስ ነው። «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» ያለ ተማሪ «አውሰኝ» ማለቱ ይገባል፤ ያለው ግን «ተዋሰኝ» ነው።

«ዉድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው?» የሚለው ደግሞ በመልሱ ያሰናክላል። ጥያቄው «መስኮቱን ብትከፍት ቅር ይልሃል?» ነው። እሺ ለማለት «የስ» የሚል ልጅ «አዎ፣ ቅር ይለኛል» ብሎ አረፈው። እሺታው «ኖ፣ ኖት አት ኦል» ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ የሚያደናግርበት ምክንያት አለው፤ እኛ «እስክሪብቶ የለህም?» ስንባል «አዎ፣ የለኝም» እንላለን። አዎታችን ለተናጋሪው ሐሳብ ነው፤ የእንግሊዝኛው «የስ» እና «ኖ» ግን የሚቆመው ለነገሩ መኖርና አለመኖር ነው።

«አይ ዋንት» የሚለውም እንዲሁ። ሻይ ቤት ገብቶ «ሻይ እፈልጋለሁ» ማለት በአማርኛ አያስቀይምም። «አይ ዋንት ቲ» ግን የሕፃን አነጋገር ይመስላል። «ካን አይ ሃቭ ሰም ቲ፣ ፕሊዝ?» ማለት ወይም «አይድ ላይክ ሰም ቲ» ማለት ይሻላል።

ከምስጋናም አንድ እንበል። በቤታችን ወንድም ለወንድሙ ውሃ ሲያቀብል «አመሰግናለሁ» ቢባል እንደ ባዕድ የተቆጠረ ሊመስለው ይችላል። ትልቅ ውለታ ላደረገልን ግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ»፣ «ኑሩልን» ብለን እንመርቃለን። በእንግሊዝኛ ምስጋናው ትንሽ ሆኖ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። በር ለያዘልህም «ቴንክ ዩ» ነው።

ትሕትናም ልክ አለው

የጥያቄው ርዝመት ከውለታው ክብደት ጋር ይመጣጠን። ላጲስ ለመዋስ «አይ ዎዝ ወንደሪንግ» ብሎ መጀመር ያሥቃል፤ ሲብስም ማላገጥ ይመስላል። ለላጲስ «ካን አይ» ይበቃል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ከመምህሩ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቅ ግን ነገሩ ይለያል። መምህሩ አንድ ምሽት ሊሠዋለት ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ አራት ነገር ይፈልጋል፤ ሰላምታ፣ ምክንያት፣ የሚፈለግበት ቀን፣ በመጨረሻም «ካልተመቸዎት እረዳለሁ» የሚል በር። በማለቂያው ቀን ዋዜማ የተላከ ጥያቄ፣ ቃሉ ማር ቢሆን እንኳ፣ ትሕትና የለውም። ለሰው ጊዜ መተውም የትሕትና አንድ ክፍል ነውና።

በስልክ በሚላክ መልእክት ላይ ደግሞ እጅ መንሣትም ሆነ ዝቅ ያለ አንገት አይታይም። አክብሮቱ በሙሉ በቃላት መግባት አለበት። «ሴንድ ሚ ዘ ኖትስ» ብሎ የላከ ልጅ ምናልባት ፈገግ እያለ ነበር የጻፈው፤ ፈገግታው ግን አልተላከም።

እዚህ አገር ጎረቤቶቻችንን ማየት ይጠቅመናል። ኪስዋሂሊ ተናጋሪ ሱቅ ሲገባ «ናኦምባ» ይላል፤ «እለምናለሁ» ማለት ነው። ወይም «ኒሳይዲዬ» ይላል፤ «እርዳኝ» እንደማለት ነው፣ ለገዛ ገንዘቡ ውሃ ሲገዛ እንኳ። በእንግሊዝኛቸውም «አሲስት ሚ ዊዝ…» ሲሉ፣ በመልእክት መጀመሪያም «ካይንድሊ» ሲሉ እንሰማለን። ይህ «ካይንድሊ» ለእንግሊዝ ወይም ለአሜሪካ ሰው ጆሮ የቢሮ ደብዳቤ ሊመስል ይችላል፤ እዚህ ግን የጨዋ ሰው ቃል ነው። ሰላምታ ሳያቀርቡ ወደ ጉዳይ መግባትም እንደ እኛው አገር እዚህም ያስቀይማል። ጎረቤቶቻችን የገዛ ቋንቋቸውን ጨዋነት ወደ እንግሊዝኛቸው አስገብተዋል። እኛም የእኛን ብናስገባ የሚከለክለን የለም።

መለመንና መጠየቅ ይለያያሉ

አንዳንድ ወላጆች «ይህ ሁሉ ልምምጥ ልጆቻችንን አንገት ደፊ ያደርጋቸዋል» ይሉናል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ እኛም ውለታንና መብትን ለይተን እናስተምራለን። የማታቱ ረዳት መልስ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ያ መልስ የልጁ ገንዘብ ነው። «ካን አይ ሃቭ ማይ ቼንጅ፣ ፕሊዝ?» ይበቃል፤ አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ ያልተሳደበ። ደረሰኝ፣ የፈተና ወረቀት፣ የተከፈለበት ዕቃ፣ እነዚህን ለመጠየቅ ይቅርታ ማብዛት አያስፈልግም። ጨዋነቱ በድምፅ ይሁን፤ ልመና ግን አይሁን።

ሌላም አለ። ጨዋ ጥያቄ የእምቢታ በር የሚተው ከሆነ፣ ልጆቻችን በዚያ በር መውጣትንም መማር አለባቸው። በእኛ ቤት ለትልቅ ሰው «አይሆንም» ማለት ነውር ነው። ነገር ግን መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው በጣፈጠ አንደበት «ይህን ቦርሳ እዚያ አድርስልኝ» ቢለው፣ «አብረን እንሂድ» ቢለው፣ ልጁ «ሶሪ፣ አይ ካንት» ብሎ መራመድ እንዲችል እንፈልጋለን። የጠያቂው ትሕትና ተጠያቂውን ባለዕዳ አያደርገውም። ይህን በሁለቱም ቋንቋ ደጋግመን ልንነግራቸው ይገባል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ምንም የማይጠይቀው ልጅ ነው። ይሉኝታ ይዞት፣ ሲናገር እንዳይሣቅበት ፈርቶ፣ ያልገባውን ትምህርት እንደገባው አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል። ወሩ ሲያልቅ ውጤቱ ይናገራል። ይህ ልጅ ብዙ ጊዜ የጎደለው እውቀት አይደለም፤ የሚጠይቅበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ኩድ ዩ ኤክስፕሌን ዛት አጌን፣ ፕሊዝ?» የምትለውን አንዲት መስመር አፉ ላይ ብናኖርለት የአንድ ዓመት ትምህርት ልታድንለት ትችላለች። የተማሪ ጥያቄ መምህርን አያስቸግርም፤ ሥራችን ነው።

ምን እናድርግ?

በክፍል ውስጥ የሰዋስው ልምምድ ብቻውን አይበቃም። ተማሪዎች ሦስት ሦስት ሆነው አንዱ እናት፣ አንዱ ልጅ፣ አንዱ ደግሞ የቢሮ ሠራተኛ እየሆኑ ማስተርጎምን ቢለማመዱ እንወዳለን። እምቢ የሚል ሠራተኛም ይኑርበት፤ እምቢታን በጨዋነት መቀበልም ይለመዳልና።

ወላጆችን የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ልጃችሁ ሲያስተረጉምላችሁ አትቸኩሉ፤ አጭር አጭር አድርጋችሁ ተናገሩ፣ ሲጨርስም «ምን ብለህ ነገርካቸው?» ብላችሁ ጠይቁት። እንግሊዝኛ ባትችሉም የጨዋነትን ነገር ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ደግሞም መንገዱ ሁለት አቅጣጫ አለው። እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆች በእንግሊዝኛ «ኩድ ዩ» እያሉ አምረው ይጠይቁና፣ ወደ አማርኛ ሲመለሱ እንግዳውን አዛውንት «አንተ» ይሉታል። «ዩ» አንድ ብቻ ስለሆነ ግራ ገብቷቸው ነው። አትቆጧቸው፤ «እርስዎ» የሚለውን ከነምክንያቱ አስተምሯቸው። በእንግሊዝኛ ጨዋ፣ በአማርኛ ደፋር የሆነ ልጅም ግማሽ ሀብቱን ጥሏል።

ዘንድሮ ለምትመረቁ ልጆቻችን የምንሰጠው ስንቅ ይኸው ነው። ነገ በማታውቁት ከተማ፣ በማታውቁት ሰው በር ላይ ቆማችሁ አንድ ነገር መጠየቃችሁ አይቀርም። ያ ሰው ወላጆቻችሁን አላየም፣ አስተዳደጋችሁንም አያውቅም። የሚያውቀው ከአፋችሁ የወጣውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ያሳደጋችሁን ቤት ትምሰል። መንገዳችሁ ይቅና!